የዓባይን በረሃ በብስክሌት ለመሻገር ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ ብስክሌተኞች፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል እስከ ጎሐ ጽዮን በኮርሳ ብስክሌት ለመጓዝ አስቤ ሁለት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል።

የመጀመሪያው ፍሬኑ ነው። ብስክሌቴ ቸርኬውን በላስቲክ ጨብጦ የሚያቆም የቆየ ፍሬን ያለው ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት ከቤዛዊት ኮረብታ ፍሬኑን ሳልለቅ ስወርድ ቸርኬው እጅ የማያስነካ ሆኖ አገኘሁት። ቤዛዊት ደግሞ ከደጀን ቁልቁለት ጋር ሲነጻጸር ጉብታ ነው፤ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ መሬቱ ስለሚንሸራተትም አስፋልቱ በየቦታው ተጣሟል፣ ከባድ መኪናም አይጠፋበትም። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ሙቀቱን እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሻንጣ ጭኖ ለሚወርድ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል ወይስ እየቆሙ ማቀዝቀዝ የግድ ነው?

ሁለተኛው ማርሹ ነው። ከፊት ትንሹ ባለ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 25 ነው፤ የጣና ዳር መንገድ ሜዳ በመሆኑ እስካሁን አልተቸገርሁም፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት ግን ጉልበቴን እንደሚጨርሰው አልጠራጠርም። የኋላውን ወደ 32 ብለውጥ ካቴናውን የሚያዛውረው አጭር ክንድ ይችለዋል ወይስ እርሱም አብሮ መለወጥ አለበት? እዚህ የጠየቅኋቸው ሁለት ብስክሌት ጠጋኞች ፍጹም ተቃራኒ መልስ ሰጥተውኛል፤ ሁለቱም ግን እርግጠኞች ነበሩ።

መንገዱን በብስክሌት የወጣችሁት፣ ከድልድዩ በኋላ ስንት ሊትር ውኃ እንደያዛችሁ ጭምር ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።