አስገባሁት ብዬ ዋናውን አጠፋሁት፤ የሰርጉ ቪዲዮ የት ገባ?

የፍኖተ ሰላሟ፣ እሑድ ከምሽቱ 3፡20

እንደምን አመሻችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ስረግም ስለዋልኩ ጽሑፌ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ።

እኔና ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰርግ እንቀርጻለን። ካሜራው የእርሱ ነው፤ ኤዲት የማደርገው እኔ ነኝ። በዚህ ጥር ሁለት ሰርግ በሳምንት ልዩነት ገጠመን። የመጀመሪያውን በሁለት ካሜራ ቀረጽነው፤ አንዱ የራሳችን፣ ሁለተኛው ከጓደኛ የተዋስነው። የሁለቱንም ካርድ ዴስክቶፕ ላይ ወደ ከፈትኩት ፎልደር ገለበጥኩ፤ ከዚያ ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። ሁሉም ተደርድሮ መጣ። ከሙሽራው ቤት ጠዋት ጀምሬ እስከ ምሳው ድረስ ቆርጬ አደረስኩት።

ሁለተኛው ሰርግ ሲመጣ ላፕቶፑ ሞላ። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ብቻ ነው። የዴስክቶፑን ፎልደር ባየው 96 ጊጋባይት ይዟል። «ይህ እኮ ፕሪሚየር ውስጥ ገብቷል፤ ለምን ሁለት ቦታ ይቀመጣል?» አልኩና ሺፍት ይዤ አጠፋሁት። ጤፉ ጎተራ ከገባ በኋላ አውድማው ይጠረጋል፤ እኔም ያሰብኩት እንደዚያ ነው። በቦታው የሁለተኛውን ሰርግ ገለበጥኩበት።

ዛሬ ጠዋት ፕሮጀክቱን ስከፍት ከላይ እስከ ታች ቀይ። ፋይሉ አልተገኘም የሚለውን በብዙ ቋንቋ ጽፎታል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ባይጻፍም ገብቶኛል።

የፕሮጀክቱን ፋይል ባየው 4 ሜጋባይት ነው። 96 ጊጋባይት እንዴት 4 ሜጋባይት ይሆናል? ሲ ዲስክ ላይ ደግሞ ሚዲያ ካሽ ፋይልስ የሚባል 31 ጊጋባይት የያዘ ፎልደር አገኘሁ። ቪዲዮዬ ያለው እዚያ ውስጥ ይሆን? ቤተሰቡ ከዐቢይ ጾም በፊት አድርሱልን ብለዋል። ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም።

ካሴት ዘመን፣ እሑድ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ሁለቱን ካርዶች ከካሜራው አውጪና መሳቢያ ውስጥ ቆልፊባቸው። ወንድምሽ ነገ ክርስትና አለብኝ ቢል እንኳን አትስጪው። ካሜራው ካርድ ፎርማት ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ምስሉን አይደለም። ምስሉ የሚሄደው ሌላ ቀረጻ በላዩ ሲጻፍበት ነው። ላፕቶፑ ላይ ግን ሁለተኛውን ሰርግ ስለገለበጥሽበት ብዙ ተስፋ አላደርግም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቪዲዮው ፕሪሚየር ውስጥ አልገባም። ፕሪሚየር የሚይዘው አድራሻ ነው። የዕድር መዝገብ አስቢ። መዝገቡ ላይ የመቶ ሃምሳ አባወራ ስምና ቤት ተጽፏል። መዝገቡን ብብትሽ ሥር ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፤ መቶ ሃምሳው አባወራ ግን ያለው በየቤቱ ነው። ፋይሉ 4 ሜጋባይት የሆነብሽ ለዚህ ነው። ስትቆርጪም ቪዲዮውን መቀስ አልነካውም፤ «ከዚህ ቤት፣ ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ» ተብሎ መዝገቡ ላይ ተጻፈ እንጂ። አንቺ ቤቱን አፈረስሽው። ጡሩምባ ነፊው ሄዶ ፍርስራሽ ሲያገኝ ቀይ ገጽ ያወጣል።

ጥፋቱ ግን የቃሉም ጭምር ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ስጀምር በሚኒ ዲቪ ካሴት ነበር የምንቀርጸው። የ60 ደቂቃ ካሴት ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት 60 ደቂቃ ቁጭ ብለን ሲያልፍ እናየዋለን፤ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ገደማ ዲስክ ይበላል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ። ያኔ «ማስገባት» እውነትም ማስገባት ነበር። ካሴቱ ደግሞ ቀኑ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ዲስኩ ቢቃጠል መልሰን እናስገባለን። ዛሬ ካሴቱ ሄዶ ቃሉ ብቻ ቀረ። ካርድ ውድ ስለሆነ በማግስቱ አጥፍተን እንቀርጽበታለን፤ መደርደሪያው ባዶ ነው።

31 ጊጋባይት ያልሽው ገለባው ነው። ፕሪሚየር ሥራው እንዲፈጥንለት ድምፁን ለራሱ በሚመቸው መልክ ያስቀምጣል፤ የድምፁን ሞገድም ስሎ ያስቀምጣል። ሲኤፍኤ እና ፔክ የሚል መጨረሻ ያላቸው ፋይሎች እነዚህ ናቸው። ምስል የለባቸውም። ፕሮግራሙን ዘግተሽ ብታጠፊያቸው መልሶ ይሠራቸዋል፤ ፕሮጀክቱን መጀመሪያ ስትከፍቺ ትንሽ ያስጠብቅሻል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ቦታ ሲጠብሽ መጥረግ የነበረብሽ እርሱን ነበር። እህሉን ደፍተሽ ገለባውን አስቀመጥሽ።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ፕሮክሲ፣ ማለትም ላፕቶፑ እንዳይከብደው በዋናው ቪዲዮ ፈንታ የሚቆረጥበት አነስተኛ ቅጂ፣ ሠርተሽ ነበር?

የፍኖተ ሰላሟ፣ እሑድ ከምሽቱ 4፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገለባውን ያሉትን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ።

ፕሮክሲ ሠርቻለሁ! ዋናው ቪዲዮ ፎር ኬ (3840 በ2160) ስለሆነ በዚህ ላፕቶፕ ላይ እየተንገጫገጨ አላስቆርጥ ስላለኝ ከመጀመሪያው ሠርቼለት ነበር። ፕሮጀክቱ ጎን ባለ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፣ 1280 በ720 ነው፣ ሁሉም ሲደመር 7 ጊጋባይት ገደማ። ትናንት ቀለሙን በዋናው ላይ ለማየት ብዬ ፕሪሚየር ውስጥ የፕሮክሲውን ቁልፍ ዘግቼው ነበር፤ ቀዩን ሳይ ደግሞ ድንጋጤው አስረሳኝ።

ካርዶቹ፦ የራሳችን ካርድ ላይ ሁለተኛው ሰርግ ተቀርጾበታል፤ እስከ አፉ ሞልቷል። የተዋስነው ካሜራ ካርድ ፎርማት ተደርጓል፣ ግን አልተቀረጸበትም። ለባለቤቱ ነገ ልንመልስ ነበር። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ዓባይ ማዶ፣ እሑድ ከምሽቱ 5፡15

እህቴ፣ እንግዲያው ሰርጉ ተርፏል፤ በሙሉ ጌጡ ባይሆንም።

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው፤ እኔም ባለፈው ዓመት እዚያው ጉድጓድ ገብቼ ነበር። ለተዋስሽው ካርድ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ካርዱን በካርድ ማንበቢያ ሰክተሽ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ እንዲያወጣ አድርጊ። መልሶ ወደዚያው ካርድ እንዳይጽፍ ተጠንቀቂ፤ ያኔ ራስሽ በራስሽ ላይ ትጽፊበታለሽ። ሁለት ነገር ይጠብቅሻል፦ የፋይሎቹ ስም ጠፍቶ በረጅም ቁጥር ይመጣሉ፤ ካርዱ ላይ ተበታትነው የተጻፉ ትልልቅ ቪዲዮዎች ደግሞ ተሰብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ለራሳችሁ ካርድ ግን ፕሮክሲው ዋና ይሁን። የፕሮክሲ ቁልፉን ስታበሪ ምስሉ ሊመለስልሽ ይችላል፤ በዚህ አትታለይ። ቪዲዮው ተጠናቅቆ ሲወጣ በመደበኛው አሠራር የሚፈለገው ዋናው ፋይል ስለሆነ ቀዩን ገጽ አብሮ ያወጣልሻል። ስለዚህ የጠፋውን ፋይል በቀኝ ተጫኚና አገናኝ በሚለው በኩል አድራሻውን ወደ ፕሮክሲው አዙሪው። ከዚያ መጠኑን ተመልከቺ። ፎር ኬውን በ1080 (1920 በ1080) ቅንብር ላይ 50 በመቶ አድርገሽ አስቀምጠሽው ከሆነ፣ 720ው በዚያው 50 ሲገባ መሃል ላይ የገጹን ሲሶ ስፋት ብቻ ይይዛል። 150 አድርጊው። ትንሽ ይለሰልሳል፤ በስልክ ለሚያየው ዘመድ ግን ሙሽራይቱ ያው ሙሽራይቱ ናት።

እኔ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ሌላ መቁረጫ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፤ የእኔ ጣጣ የአንቺ ተቃራኒ ነበር። ሪዞልቭ ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ቋት ውስጥ እንጂ ከቪዲዮው ጎን አይደለም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስጭን 200 ጊጋባይት ቪዲዮዬ በሰላም ተቀምጦ የሦስት ሳምንት ቁርጤ ብቻ ጠፋ። ሰዎቹ በየቤታቸው አሉ፣ መዝገቡ ተቃጠለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፕሮጀክቱን ወደ ውጭ አውጥቼ ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ።

ከብቸና፣ ሰኞ ከጠዋቱ 1፡50

አድራሻ ስታዞሪ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኔ ደርሷልና።

ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራ ካላችሁ ሁለቱም ከ ሲ0001 ነው የሚጀምሩት። እኔ ሁለቱን ካርድ በአንድ ፎልደር ልገለብጥ ስል ተመሳሳይ ስም አለ አለኝ፤ አንዱን ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት፤ ስሙን ግን «አዲስ ፎልደር» ብዬ ተውኩት። በኋላ ዲስኩ ሲቀየር ፕሮግራሙ በስም ብቻ ፈልጎ ያገኘውን አገናኘ። ሽማግሌዎቹ ቆመው «እንደ ጤፍ ያብዛችሁ» ሲሉ ድምፁ ከሌላ መቅረጫ ስለሆነ ትክክል ነው፤ ምስሉ ግን ጓሮ ድስት የምታማስል ሴት ሆነ። ሴትየዋ ደግሞ ካሜራውን ስታይ እጇን ታወዛውዛለች። ሳላይ አስረከብኩት። የሙሽራው አባት ደውለው «ይህቺ መራቂ ማን ናት?» አሉኝ።

ስለዚህ ስታገናኙ ስም ብቻ ሳይሆን መነሻ ሰዓቱም እንዲመሳሰል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ፎልደሩን በቀንና በካሜራ ሰይሙት።

ሌላው የዲስክ ፊደል ነው። ኤክስተርናሉ ዛሬ ኢ ነው፤ ነገ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ ኤፍ ይሆናል። ዕቃው ሳይነካ ቀበሌው ተቀየረ ማለት ነው፤ ሁሉ ነገር ቀይ። ዊንዶውስ ውስጥ የዲስክ ማስተዳደሪያውን ክፈቱና ኤም ወይም ከዚያ ወዲያ ያለ ፊደል ስጡት፤ እዚያው ይቆያል። ዘፈንም ከሰው ፍላሽ ላይ በቀጥታ አታስገቡ። ፍላሹ ከባለቤቱ ጋር ወደ ደጀን ሲሄድ ዘፈኑም ይሄዳል።

ካሴት ዘመን፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

የብቸናው ወንድማችን ምርቃት ቀኑን ሙሉ አሳቀኝ።

ልጄ፣ ለሚቀጥለው ሰርግ የእኔን ልማድ ልንገርሽ፤ ከፈለግሽ ውሰጂው። ካርዱ ከካሜራ ሲወጣ ምንም ሳይከፈት በፊት በኤክስተርናሉ ላይ አንድ ፎልደር እከፍታለሁ፤ ስሙ ቀኑና የሰርጉ አገር ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ካርድ የየራሱ፣ ለድምፅ፣ ለዘፈን፣ ለፕሮጀክት። ካርዱን ከነውስጥ ፎልደሮቹ እገለብጠዋለሁ፤ ቆርጦ መለጠፍ የለም፣ መብራት መሃል ላይ ከሄደ ሁለቱም ጋ ላይኖር ይችላልና። የሁለቱን መጠን አስተያያለሁ። ከዚያ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ይደገማል። ፕሪሚየርን የምከፍተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ አድራሻ የሚጻፈው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነውና። ሥራው ሲያልቅ ፕሮጀክት ማናጀር በሚለው በኩል የተጠቀምሁበትን ሁሉ በአንድ ቦታ አሰባስቤ አስቀምጣለሁ።

ሁለተኛ ዲስክ ከየት ይመጣል ትይ ይሆናል። ፎር ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስትቀርጹ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ 22 ሰዓት ያህል ይይዛል። ለቤተሰብ የምትሰጡት 1080 ከሆነ በ1080፣ በ50 ሜጋቢት ቅረጹ፤ ግማሹን ቦታ ታተርፋላችሁ፤ ለሁለተኛ ዲስክ መግዣ ይሆናችኋል።

ዓባይ ማዶ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡45

በመጨረሻው አልስማማም፣ ጋሼ። ፎር ኬ ሲሆን ከሩቅ የተነሳውን ቆርጬ አቀርበዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ማስጠጋት በማይቻልበት ቦታ ያ ብቻ ነው ያዳነኝ። ሥነ ሥርዓቱን በፎር ኬ፣ ጭፈራውን በ1080 ቢሆን እላለሁ። የቀረውን ሁሉ እቀበላለሁ።

የፍኖተ ሰላሟ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10፡30

ያለሁበትን ልንገራችሁ። ለወንድሜ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያበቃ «ካርዱን ማን ፎርማት አደረገው?» አለ፤ እርሱ ራሱ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ተካፈልን።

ከተዋስነው ካርድ 61 ፋይል ወጣ፤ ሦስቱ አይከፈቱም። ስማቸው ሁሉ ቁጥር ስለሆነ ከፕሮክሲው ጋር ጎን ለጎን እያየሁ አንድ በአንድ አገናኘኋቸው። ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ በመሃል መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። የራሳችን ካሜራ ቀረጻ በሙሉ አሁን ከፕሮክሲ ነው፤ 150 ሳደርገው የቬሎው ጥልፍ ትንሽ ሟሟ፤ ሌላው ምንም አይል። ዲስኩ አሁን ኤም ነው፤ በነጭ ፕላስተር ጽፌ ለጠፍኩበት።

አንድ ቦታ ብቻ ቀይ ቀረኝ፤ 14 ሰከንድ። ሙሽራይቱ ከቤት ስትወጣ የአያቷን ጉልበት ስትስም ነው። ያንን ፋይል በኋላ ስለጨመርኩት ፕሮክሲ አልሠራሁለትም፤ ካርዱ ደግሞ የራሳችን ነው። ድምፁ በሌላ መቅረጫ አለኝ። ምን ይሻላል?

ካሴት ዘመን፣ ቅዳሜ ከቀኑ 11፡00

ፎቶ አንሺው ማን ነበር? የጉልበት መሳሙን ሳያነሳ የሚቀር ፎቶ አንሺ የለም። ሦስት አራት ፎቶ ለምኚውና በድምፁ ላይ ቀስ እያልሽ አሳልፊያቸው። ፎቶዎቹንም መጀመሪያ ኤም ላይ አስቀምጪ።