ከፀጉር ንቅለ ተከላ በኋላ ራሴን እንዴት ልታጠብ?

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት በስቲያ የፀጉር ንቅለ ተከላ ተደርጎልኛል። ፀጉሩ የተወሰደው ከማጅራቴ በላይ አንድ በአንድ እየተነቀለ ነው። የተተከለው ግንባሬ ጫፍ ላይና አናቴ ላይ ነው። ነገ መታጠብ እንድጀምር ተነግሮኛል። ሻምፖ፣ ሎሽንና አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል። ወረቀቱ «በቀስታ ይታጠቡ» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

ጭንቀቴ ይኸው ነው። በቀስታ ማለት ምን ያህል ነው? የተተከለበት ቦታ ላይ ትናንሽ የደም ቅርፊቶች አሉ። ውሃ ሲነካቸው ሥሩ አብሮ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «እስኪድን ድረስ ውሃ ባታስነካው ይሻላል» አለኝ። ያለፋችሁበት ወይም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ሲስተር

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ጨረስክ። ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን ማጠብ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ በዝርዝር ልንገርህ። ከሁሉ በፊት ግን፣ የታከምክበት ቦታ የነገረህ ነገር ከእኔ ምክር ይቀድማል። የአንዱ ሐኪም አሠራር ከሌላው ይለያል። አንዳንዱ በማግስቱ ያስጀምራል፣ አንዳንዱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን። ብዙ ክሊኒኮች የመጀመሪያውን እጥበት ራሳቸው ያደርጋሉ። ደውለህ «እናንተ ብታጥቡኝ» በላቸው። አንዴ ሲያጥቡህ እጃቸው ምን ያህል እንደሚቀል ካየህ ፍርሃቱ ይለቅሃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሥሩን የሚያወጣው ውሃ አይደለም። የሚያወጣው ፍትጊያ ነው፣ ጥፍር ነው፣ በኃይል የሚወርድ ሻወር ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ሎሽኑን መዳፍህ ላይ አድርገህ የተተከለበት ቦታ ላይ አስቀምጠው። አትሸው፤ ዝም ብሎ ይሸፍነው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሥራው ቅርፊቱን ማለስለስ ነው፤ ስለዚህ ቸኩለህ አታንሳው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ወይም በጆግ ቀስ አድርገህ አፍስስ። ጆጉን ከፍ አታድርገው፤ ወደ ራስህ አስጠግተህ ውሃው እንዲንሸራተት ብቻ አድርግ።

ሻምፖውን በቀጥታ ራስህ ላይ አትጭመቅ። መዳፍህ ላይ ከውሃ ጋር አሻሽተህ አረፋ አድርገው። አረፋውን በመዳፍህ ጫን፣ አንሳ፣ ጫን፣ አንሳ እያደረግህ አስነካው። እጅህ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እንዳይሄድ። እኔ የማየው ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ እጃችን በልማድ ራሱ ማሸት ይጀምራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በዚያው በጆግ አለቅልቀው።

ፀጉሩ የተወሰደበት የኋላው ክፍል ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚወጣ ተከላ የለም። በጣትህ ጫፍ፣ ጥፍር ሳታስነካ፣ ለስለስ አድርገህ ማሸት ትችላለህ። እንዲያውም በደንብ ካልታጠበ ያሳክካል፣ ብጉርም ያወጣል።

ስታደርቅ የኋላውን በንጹሕ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርገው። የተተከለበትን አትንካው፤ በራሱ ይድረቅ። ግንባርህ ላይ የሚወርደውን ውሃ በሶፍት ያዘው።

አንድ ነገር አደራ። የራስ ቆዳህ አሁን ደንዝዟል። ድንዛዜው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የውሃውን ሙቀት በራስህ አትለካው፤ አይሰማህም። በክንድህ ውስጠኛ በኩል ሞክረው። ፀጉር ማድረቂያም በሙቅ አየር እንዳትጠቀም። ቆዳው ሳይታወቅህ ሊቃጠል ይችላል።

መልስ፦ ትዕግሥት ይበልጣል

ሲስተር የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔም በዚሁ አልፌያለሁና ከልምድ ጥቂት ልጨምር።

ስትታጠብ ጎንበስ አትበል። ደም ወደ ፊትህ ይወርዳል፣ እብጠቱም ይብሳል። ቀጥ ብለህ ቁም ወይም ወንበር ላይ ተቀመጥና ራስህን ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርግ። ከተቻለ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ውሃውን ያፍስስልህ። አናትህን በራስህ ማየት ስለማትችል የሌላ ዓይን ብዙ ይረዳል።

ልብስህ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይሁን። በአንገት የሚገባ ቲሸርት ሲወልቅ ተከላውን ይነካዋል። ብዙ ሰው እጥበቱን ተጠንቅቆ ጨርሶ ልብስ ሲለብስ ነው የሚጎዳው።

ማሳከኩ ደግሞ ይመጣል። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር፤ በተለይ ማታ። እንዳታክ። ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) የሚረጭ ጠርሙስ ከሰጡህ በየሰዓቱ አካባቢ ርጭት አድርግበት፤ ያበርደዋል፣ ቅርፊቱንም ያረጥበዋል። ካልሰጡህ ጠይቃቸው። ስትተኛ ትራስ ደራርበህ ራስህን ከፍ አድርግ። እንቅልፍ ላይ እጁ ወደ ራሱ የሚሄድበት ሰው ጥፍሩን ቢቆርጥ ጥሩ ነው።

መልስ፦ የሩቁ

እኔ በዚህ አልስማማም። ለሁለት ሳምንት ሻምፖ የሚባል ነገር አላስነካሁም፤ ውሃ ብቻ ነው ያፈሰስኩት። ቅርፊቱ የቁስል መከላከያ ነው። በራሱ ጊዜ ይርገፍ ባይ ነኝ። ፀጉሬም በቅሏል።

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም

የሩቁ፣ ፀጉርዎ በመብቀሉ ደስ ብሎኛል። ምክሩን ግን ለሌላ ሰው ማስተላለፉ ያሳስበኛል። ምክንያቱን ልግለጽ።

ቅርፊቱ ደም፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽና የሞተ ቆዳ ተጣብቆ የደረቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ሲቆይ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ከሥሩ እርጥበትና ቅባት ይይዛል፣ ለባክቴሪያ ይመቻል፣ የፀጉር ቀዳዳውን ያቆጣል። ያለ እጥበት የተተወ ራስ በሻካራ እጅ ከታጠበ ራስ ያነሰ አያስቸግረንም። የጠያቂው ጓደኛ የሰጠው ምክርም ለዚህ ነው ልክ ያልሆነው።

የቀኑ አቆጣጠር ከየት እንደመጣ ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። ግራፍቱ (ከነሥሩ የሚተከለው ጥቃቅን የፀጉር ቁራጭ) እንደገባ በቦታው የሚይዘው ደሙ ሲረጋ የሚፈጠረው ፋይብሪን ነው። ያ ደካማ ማጣበቂያ ነው። ከዚያ ቆዳው ከዙሪያው ያቅፈዋል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይደርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቀን ለክቶታል። በጥቃቅን ቀዳዳ የተተከሉ ግራፍቶች ከ6ኛው ቀን ጀምሮ ፀጉራቸው ቢጎተት አልወጡም። የተጣበቀ ቅርፊት ሲጎተት ግን እስከ 5ኛው ቀን ግራፍቱን ይዞ ይወጣ ነበር። አደጋው ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በ9ኛው ቀን ጠፍቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ቅርፊት ከፀጉሩ የበለጠ አደገኛ መያዣ ነው፤ ስለዚህ ገና በጊዜው እንዲለሰልስና እንዳይከማች ማጠብ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ እጅዎ ከ9ኛው ወይም ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ሊከብድ ይችላል። እስከዚያ ጫን አንሳ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሎሽኑን አቆይተው በጣት ጫፍ ክብ እየሠሩ በቀስታ ማሸት ይጀምራሉ። ቅርፊቱ ረጥቦ ይርገፍ እንጂ ደረቁን እንዳያነሱት። አብዛኛው ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ ይጸዳል። አንዳንድ ቦታ ቢቀር በማግስቱ ይደግሙታል፤ በአንድ ቀን ካልጨረስኩ ብለው አይታገሉ።

ሻምፖን በሚመለከት፣ የተሰጠዎት ካለ እሱ ይበቃል። ካለቀ ለስላሳ፣ ሽታ ያልበዛበት፣ ለምሳሌ የሕፃናት ሻምፖ ይሆናል። የፎረፎር መድኃኒት፣ አልኮል ያለበት ስፕሬይ፣ ጄልና ዘይት ይቆዩ። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት የሚጠቀሙ ከሆነ መቼ እንደሚመለሱበት ቀዶ ጥገና ያደረገልዎትን ሐኪም ይጠይቁ፤ በራስዎ አይጀምሩ። የሻወሩን ውሃ በቀጥታ መጠቀምም ከ10 ቀን ገደማ በኋላ፣ በዝቅተኛ ግፊት ይሁን። ዋናና ሳውና አንድ ወር አካባቢ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ እህት ከወዲህ

ዶክተር፣ ለእኔም ይንገሩኝ። እኔ ሴት ነኝ፤ የተሠራልኝ በሌላው መንገድ ነው። ከኋላ ቆዳው በቁራጭ ተወስዶ ተሰፍቷል። ፀጉሬ አልተላጨም፣ ረጅም ነው። ስፌቱ ውሃ ይነካዋል ወይ? ረጅሙስ ፀጉር ተከላውን አይጎትተውም?

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም

እህቴ፣ ስፌቱ በአብዛኛው ከ2ኛ ወይም ከ3ኛ ቀን ጀምሮ በለብ ውሃና በአረፋ ሊታጠብ ይችላል። ሐኪምዎ የተለየ ካልነገሩዎት ማለቴ ነው። መታሸት ግን የለበትም፤ አረፋው ላዩ ላይ ወርዶ ይለቅለቅ። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። በራሱ የሚሟሟ ክር ከሆነ አይወጣም።

መልስ፦ ሲስተር

የረጅም ፀጉሩን እኔ ልመልስልሽ። ስትታጠቢ ፀጉሩን ሁሉ አናትሽ ላይ ሰብስበሽ አትፈትጊው። ወደ ኋላ ተለቆ ተንጠልጥሎ ይታጠብ፣ ውሃውም ከፊት ወደ ኋላ ይውረድ። ከታጠብሽ በኋላ በፎጣ አትጠምጥሚው። የፎጣው ክብደት ብቻውን ተከላውን ይጎትታል። ኮንዲሽነር ከፈለግሽ ጫፉ ላይ ብቻ። ስታበጥሪ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ፤ የተተከለበት ቦታ ጋ ስትደርሺ አቁሚ። አጥብቆ መሥራትና ማስያዝ ለጊዜው ይቅር። ቀለምም ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፤ ያኔም ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሊኒኩ ሄጄ እዚያው አጠቡኝ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ራሴ ቀጠልኩ። ሲስተር እንዳለችው እጃቸውን ማየቴ በጣም ረድቶኛል።

አሁን 11ኛ ቀኔ ነው። ዛሬ በቀስታ ሳሸው ቅርፊቶች ወረዱ፤ ግን አንዳንዶቹ ውስጥ አጭር ፀጉር አለ። የፀጉሩ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ሥሩ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ደም ግን አልወጣም። የለፋሁበት ሁሉ ሊጠፋብኝ ነው?

መልስ፦ ትዕግሥት ይበልጣል

አይዞህ ወንድሜ! እኔም ይህን ሳይ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። የሚወርደው ፀጉር ነው፣ ሥሩ ከቆዳህ ሥር አለ። ቀጥሎ በሚመጡት ሳምንታት ደግሞ አብዛኛው ይረግፋል፤ ከወዲሁ እወቀው። መስታወት ፊት ስትቆም ያሳዝናል፣ ግን የሚጠበቅ ነው።

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም

ልክ ነው። ግራፍት ሲወጣ ደም ይታያል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ደም ሳይኖር ከቅርፊት ጋር የወረደ ፀጉር ዘንጉ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያዩት ነጭ እብጠት አዲስ ፀጉር የሚያበቅለው ሥር አይደለም። የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግፋል። ሥሩ ያርፍና ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ማብቀል ይጀምራል። ሙሉ ውጤቱን ለማየት 12 ወር ገደማ ይወስዳል፤ የአናት ፀጉር ከግንባሩ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ይርገፍብኛል ብለው እጥበቱን አያቁሙ።

የሚያስቸኩሉት ሌሎች ናቸው። ቅላቱ በመቀነስ ፈንታ እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ትኩሳት ከያዘዎት፣ ወይም የተተከለበት ቆዳ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ሐኪምዎን ያግኙ። ደም ቢወጣ ንጹሕ ጋዝ በሳላይን አርጥበው ሳያሹ ጫን ብለው ይያዙት፤ ካልቆመ ይደውሉ። ለሕመም አስፒሪን በራስዎ አይውሰዱ፣ ደም ያቀጥናል። ከሳምንታት በኋላ የሚወጡ ጥቂት ትናንሽ ብጉሮች ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሊበሳ ሲል የሚመጡ ናቸው። አያፍርጧቸው። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስቴ ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡባቸው። ከበዙ ወይም ካመሙ ግን ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ተመስገን፣ እፎይ አልኩ። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ። ቅርፊቱ አልቆ ሲጸዳ፣ በቀን አንዴ መታጠቡን ልቀጥል ወይስ ይብቃ?

መልስ፦ ሲስተር

ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ሎሽኑን ተወው። ሻምፖውን ግን እስከ አንድ ወር ድረስ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንዴ ቀጥል። ላብ ካለብህ በዚያው ቀን ታጠብ። ከወሩ በኋላ እንደ ድሮህ መታጠብ ትችላለህ፤ ጥፍር ብቻ አታስገባ። የምትቀርበት ቀጠሮ ደግሞ እንዳይኖር፣ ክትትሉ ላይ ራስህን በመብራት አይተው እኛ ያላየነውን ይነግሩሃል።