ከሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ወደ ሳይኮሎጂ፦ የ1 ዓመቱን ልምረጥ የ2ቱን?

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ እንግሊዝ አገር የሳይኮሎጂ መሸጋገሪያ ማስተርስ ለመማር አስቤ ምርጫው ላይ ተቸግሬአለሁ። ያየኋቸው ሁለቱም 180 ክሬዲት ናቸው፤ የብሪታንያ የሳይኮሎጂ ማኅበር ዕውቅናም አላቸው። ያለዚያማ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚያደርገው የክሊኒካል ዶክትሬት በር ዝግ ነው። አንዱ በአካል 1 ዓመት፣ ሌላው በርቀት 2 ዓመት ይፈጃል።

የሚያስጨንቀኝ የምርምር ፕሮጀክቱ ነው፤ እሱን ያላለፈ ለማኅበሩ ቻርተርድ አባልነት (የሙያ ማዕረግ ነው) የሚያበቃውን መሠረት አያገኝም። በ1 ዓመቱ ኮርስ ሪግሬሽን (በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና የሚለካው የስታቲስቲክስ ስሌት) ገና በቅጡ ሳይገባኝ የምርምር ሐሳቤንና የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻዬን ማስገባት ይኖርብኛል። ፈቃዱ ከዘገየ መረጃ የምሰበስብበት ጊዜ ያጥራል፤ ያኔ የተሳታፊዎች ቁጥር ያንስና ትንተናው ይደክማል። በርቀቱ ጊዜ አለ፤ አማካሪ እንደልብ ይገኛል ወይ?

ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የተባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ከዜሮ የጀመራችሁ፣ ከሁለቱ ኮርሶች የቱ ይሻላል ትላላችሁ?