የአቪዬሽን መግቢያ ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ይጀመር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ በምርጫ የሚወሰድ የአንድ ዓመት የአቪዬሽን መግቢያ ኮርስ ይከፈት የሚል ነው። ኮርሱ የበረራ ልምምድን አይጨምርም፤ የበረራ መርሆዎችን፣ የአየር ሁኔታን፣ የአቅጣጫ ስሌትን፣ የበረራ ደኅንነትንና የሥራ መስኮቹን ያስተዋውቃል። የምትደግፉም ሆነ የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አስረዱ።

የሒሳብ መምህር፦ እኔ እደግፋለሁ፤ ያሳመነኝም አንድ የስሌት ስሕተት ነው። በጁላይ 1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሰማይ ላይ በ41,000 ጫማ ከፍታ ይበር የነበረ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆበት ሁለቱም ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። የነዳጅ ጠቋሚው ባለመሥራቱ በጋኖቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ በእጅ ተለክቶ 7,682 ሊትር ሆኖ ተገኝቷል፤ ለጉዞው የሚያስፈልገው ደግሞ 22,300 ኪሎ ግራም ነበር። ሊትሩን ወደ ኪሎ ግራም ለመለወጥ በ0.8 ገደማ ማባዛት ሲገባ በ1.77 ተባዛ፤ ይህ ቁጥር የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው። በዚህ የተነሣ 20,000 ሊትር ያህል መጨመር ሲኖርበት የተጨመረው 5,000 እንኳ አልሞላም።

ይህንን ስሌት ታሪኩን ሳልነግራቸው፣ ቁጥሮቹን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። አብዛኞቹ 1.77ን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀብለው አባዙ። እጇን ያወጣችው አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች፤ «አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ከሆነ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነዳጅ እንዴት ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል?» አለች። ለዓመታት መለኪያ ጻፉ እያልኩ ስጨቀጭቅ ያላገኘሁትን ጥያቄ ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ምሳሌው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሚያረጋግጠው መምህሩ ጥሩ ምሳሌ መምረጡን እንጂ አዲስ ኮርስ ማስፈለጉን አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተሠራው እዚያው መሠራቱን ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ ኮርሱን የሚያስተምረው ሰው ነው። አውሮፕላን ለምን ይነሣል ተብሎ ሲጠየቅ በብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ፣ የክንፉ የላይኛው ገጽ ስለሚረዝም ከላይ የሚያልፈው አየር ከታች ካለፈው ጋር እኩል ለመድረስ ሲል ይፈጥናል የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ አየሮች እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድድ ሕግ የለም፣ በተግባርም ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርሳል። ከላይ ያለው አየር መፍጠኑና ግፊቱ መቀነሱ እውነት ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ፈጠራ ነው። ክንፉ ጠፍጣፋ የሆነ የወረቀት አውሮፕላን ይበራል፤ የትርዒት አውሮፕላንም ተገልብጦ ይበራል። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ያዞራል፣ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ኒውተንን የተማረ ልጅ ይህ አይከብደውም። ሥልጠና ያላገኘ መምህር መጽሐፍ ይዞ ክፍል ቢገባ የተሳሳተውን ትምህርት በሚያምር ሥዕል አስጊጦ ያስተምራል፤ እኛም በቀጣዩ ዓመት ያንን ስንነቅል እንከርማለን።

ወላጅ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። «አቪዬሽን» የሚል ስም የሰማ ልጅ ኮርሱን ጨርሶ አብራሪ የሚሆን ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ያንን ተስፋ ይዘን የምንኖረው እኛ ነን። ልጄ ቀለም የመለየት ችግር አለበት፤ ይህ ነገር የት ላይ እንደሚያቆመው ማን ነው ቀድሞ የሚነግረው?

የበረራ አስተማሪ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት መመለስ ያለበትም ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 17 ዓመት መሙላት፣ በመደበኛው መንገድ 40 የበረራ ሰዓት ማጠናቀቅና የሕክምና ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል። ለንግድ አብራሪነት 18 ዓመት፣ ከፍተኛ ለሆነው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። በክፍል ውስጥ የተማሩት አንድ ዓመት ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱን እንኳ አይቀንስም። ቀለም የመለየት ምርመራም የሕክምናው አካል ነው፤ ችግሩ እንደ መጠኑ ፈቃዱን ሊገድብ ወይም ጨርሶ ሊያስከለክል ይችላል። ይህን በ16 ዓመቱ የሰማ ልጅ ሌላ መንገድ የሚመርጥበት ጊዜ አለው። ብዙ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ በሐኪም ክፍል ውስጥ የሰሙትን አውቃለሁ፤ ከእነርሱ አንዱን እኔው ራሴ ነበርኩ ቀድመህ ተመርመር ያላልኩት።

ስለዚህ ኮርሱን የምደግፈው አብራሪ ስለሚያፈራ አይደለም። የአየር ሁኔታ ዘገባ አንብቦ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር አነጻጽሮ፣ ዛሬ አይበረርም ብሎ የመወሰን ልምድ ቢያገኙ ይበቃኛል።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፦ እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አብራሪ ነው። አንድ አውሮፕላን እንዲበር ከአብራሪው ሌላ የጥገና ባለሙያ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ የበረራ ዕቅድ አውጪና የጭነት ሚዛን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ኮርሱ እነዚህን በመጨረሻ ሳምንት በአንድ ገጽ የሚያልፋቸው ከሆነ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ለክፍል የሚሆን አንድ ነገር ላሳያችሁ። በትንሽ ባለ ፒስተን አውሮፕላን ላይ ከበረራ በፊት ከነዳጅ ጋኑ ዝቅተኛ ቦታ ጥቂት ነዳጅ ወደ ብርሃን አስተላላፊ ኩባያ ይቀዳል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል መስመር ከታየ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ኩባያውን ወደ ብርሃን አንሥቶ መስመር ሲያጣ «ንጹሕ ነው» ይላል። ኩባያው ሙሉ በሙሉ ውኃ ቢሆንስ? ያኔም እኮ መስመር የለም። ለእነዚህ አውሮፕላኖች በስፋት የሚያገለግለው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም የሚጨመርበት በመሆኑ መታየት ያለበት መስመሩ ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ነው። አለቃዬ ይህንን ሲያስተምረኝ ምንም አልተናገረም፤ ንጹሕ ነው ባልኩት ኩባያ ውስጥ ጣቱን ነክሮ ጣቴ ላይ አሻሸው። ውኃ ነበር። ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት ሁልጊዜ ያ ጣት ትዝ ይለኛል። ይህን ለማስተማር አውሮፕላን አያስፈልግም፤ ሁለት ብርጭቆ፣ ውኃ፣ ዘይትና ቀለም ይበቃል።

የቋንቋ መምህርት፦ እኔም አጭር ነገር ልጨምር። በማርች 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ አሻሚ የሆነ የሬዲዮ ንግግር ነበር፦ አንዱ አብራሪ የተናገረውን የማማው ተቆጣጣሪ ለመነሣት ተዘጋጅቷል ብሎ ሲረዳው አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። የተነገረውን ትእዛዝ መልሶ በመድገም ማረጋገጥን ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚያስፈልግ አላውቅም።

የፊዚክስ መምህር፦ የጥገና ባለሙያው ኩባያ ከጠበቅሁት በላይ እንዳስብ አድርጎኛል፤ ስለ እፍግታ ሳስተምር እወስደዋለሁ። ነገር ግን የክፍለ ጊዜው ጥያቄ አልተመለሰም፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ከቤተ ሙከራ ሰዓት የሚቀነስ ከሆነ አልስማማም። በተጨማሪም የኮርሱ ይዘት ከመጻፉ በፊት የማጠቃለያ ፈተናው ይጻፍ። ፈተናው የአውሮፕላን ክፍሎችን ስም የሚያስቆጥር ከሆነ ድምፄ ተቃውሞ ነው።

የሒሳብ መምህር፦ ከቤተ ሙከራ አይቀነስም፤ በምርጫ የሚወሰድ ስለሆነ ከሌሎቹ የምርጫ ትምህርቶች ጋር በአንድ ሰዓት ይሰጥ። ፈተናውን በተመለከተ ግን እስማማለሁ።

የበረራ አስተማሪ፦ እንግዲያውስ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። «የማኮብኮቢያው ቁጥር 09 ነው። የጽሑፍ የአየር ሁኔታ ዘገባው ነፋሱ ከ120 ዲግሪ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንደሚነፍስ ይገልጻል። አብራሪው ለራሱ የወሰነው የጎን ነፋስ ጣሪያ 8 ኖት ነው። በዚህ ማኮብኮቢያ ይነሣ ወይስ ይቅር? ስሌቱን አሳይ።» ቁጥር 09 ማለት የ90 ዲግሪ አቅጣጫ ስለሆነ የማዕዘኑ ልዩነት 30 ዲግሪ ነው፤ የጎን ነፋሱም 20 በ30 ዲግሪ ሳይን (0.5) ተባዝቶ 10 ኖት ይሆናል፤ ስለዚህ ይቀራል።

የፊዚክስ መምህር፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የማኮብኮቢያው ቁጥር ከመግነጢሳዊ ሰሜን (ኮምፓስ ከሚያሳየው) የሚለካ ሲሆን የጽሑፍ ዘገባው ነፋስ ደግሞ ከእውነተኛው ሰሜን ይለካል። በቦታው ያለው የሁለቱ ሰሜኖች ልዩነት ካልተሰጠ 30 ዲግሪ ብሎ መነሣት አይቻልም። እርሱን ይጨምሩበትና እንደገና ይላኩልኝ፤ እኔም ሠርቼ አየዋለሁ።