ፎስፌት ሴልን ያስነሳል ወይስ ያስቆማል? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። ሐሙስ ስለ ሴል ክፍፍል ፕሬዘንቴሽን አለብኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸክያለሁ።

አርቢ የሚባለው ፕሮቲን የሴሉ ፍሬን ነው፤ ዲኤንኤ ለማባዛት የሚያስፈልጉ ጂኖችን የሚያስነሳውን ኢቱኤፍ የሚባል ፕሮቲን ጨምድዶ ይይዛል። ሲዲኬ 4 እና 6 የሚባሉት ኢንዛይሞች አርቢ ላይ ፎስፌት (ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካል) ሲለጥፉበት ኢቱኤፍን ይለቀዋል። ሴሉም ዲኤንኤውን ለማባዛት ይነሳል። ብዙ ካንሰሮች የሚያበላሹት ይህንኑ ፍሬን ነው። እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

ሴሉን ወደ መከፈል የሚገፋው ሲዲኬ 1 የሚባል ኢንዛይም ላይ ስደርስ ነገሩ ይገለበጥብኛል። ዊ ዋን የሚባለው ኢንዛይም ታይሮሲን 15 የሚባለው ቦታው ላይ ፎስፌት ሲለጥፍበት ሴሉ ሳይከፈል ይቆማል። ሲዲሲ 25 የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲያነሳለት ይቀጥላል። ደብተሬ ላይ ቀስቱን ሦስቴ ስሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።

ያው ፎስፌት እንዴት እዚያ ፍሬኑን አስለቅቆ እዚህ ያስቆማል? የሚለጠፍበት ቦታ ነው የሚወስነው? እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ስለነበር ሸምድጄ ማለፍ አልፈልግም። የምታውቁ በቀላል ምሳሌ አስረዱኝ።