«ሴት ብትሆንም ወንዳታ ናት» ምስጋና ነው?

መምህርት ከቢቸና፦
ሰሞኑን በአንዲት የአካባቢያችን ባለሥልጣን የፌስቡክ ገጽ ላይ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ዓርብ ዕለት ቦቲ ጫማ ተጫምተው መስኖ ቦይ ውስጥ የቆሙበት ፎቶ ተለጠፈ። እሑድ ደግሞ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ፊት ተቀምጠው ቡና ሲቀዱ። ከሥሩም «ከሥልጣኔ በፊት እናት ነኝ» ተብሏል። በዓርቡ ፎቶ ሥር አንድ ሰው «ሴት ብትሆንም ወንዳታ ናት» ብሎ አደነቀ፤ ገጹም የልብ ምልክት ሰጠው። እዚያው አጠገብ አንድ ገበሬ «ማዳበሪያ መቼ ይደርሰናል?» ብሎ ጠይቋል። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ሴት ኃላፊ ሆና ለመታየት ወይ ወንድ መምሰል ወይ ቡና መቅዳት አለባት?

የጎዛምን ልጅ፦
እህቴ፣ ቃሉን ያለ ቦታው ወሰድሽው። «ወንዳታ» በእኛ አገር የጀግና ስም ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ አምስት ልጆች ይዛ ቀረች። አንዳችንንም ሳትበትን አሳደገችን። መንደሩ በሙሉ «ወንዳታ» ይላት ነበር። ሴትዮዋም ቦይ ውስጥ ገብተው ሠርተዋል፤ ሰውየው አመሰገናቸው። ምኑ ነው ያስቆጣሽ?

መምህርት ከቢቸና፦
እናትህን ዕድሜ ይስጥልኝ። «ወንዳታ»ን ለጊዜው ተወው፤ እኔን የወጋኝ «ብትሆንም» ነው። «ወንድ ቢሆንም ጎበዝ ነው» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባልን ነው ያደግነው። ያ «ብታውቅ» እና ይህ «ብትሆንም» የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው።

የጎዛምን ልጅ፦
አንድ ቃል ይዞ እንዲህ መወጠር ምን ይባላል? ለሴትም ምስጋና አለን። «ባለሙያ ናት» እንል የለም?

መምህርት ከቢቸና፦
መልካም አነሳህ። «ባለሙያ ሴት» ሲባል ወጥ የሚጣፍጥላት፣ ጠላ የሚወጣላት ማለት ነው። «ባለሙያ ሰው» ሲባል ግን ሐኪሙ ነው፣ መሐንዲሱ ነው። ከማድ ቤት ወጥታ የደፈረችውን ሴት የምናመሰግንበት ቃል ብንፈልግ የምናገኘው የወንዱን ነው። ሴትዮዋ ዓርብ «ወንዳታ»፣ እሑድ «ባለሙያ» ሆነው የቀረቡትም ለዚህ ነው። ሦስተኛ መንገድ ሕዝቡም አልሰጣቸውም፣ እሳቸውም አልፈለጉም።

ነጋዴ ከቡሬ፦
ለምን የሴቷ ብቻ ይነሳል? ባለፈው ክረምት አንድ ወንድ ባለሥልጣን ዕርፍ ጨብጦ ሲያርስ ፎቶው በየገጹ ዞረ። ያኔ የጻፈ አላየሁም። ሴት ስትሆን ነው ሁላችን ተንታኝ የምንሆነው።

የአራሽ ልጅ ከማቻከል፦
ያንን ፎቶ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ዕርፉን በሁለት እጁ ነው የያዘው። አራሽ አንድ እጁ ዕርፉ ላይ፣ ሌላው ጅራፉ ላይ ነው። ጅራፉ የታለ ብዬ ስፈልግ በፎቶው ጠርዝ የአንድ ሰው ክንድ ብቻ አየሁ፤ የበሬዎቹ ባለቤት ነው ጅራፉን የያዘው። እሱን ቆርጠው አስወጥተውታል። የባለሥልጣኑ ጫማ ላይ አንዲት ጭቃ የለችም። በእኛ አገር በበሬ ማረስ የወንድ ተብሎ ስለተያዘ ዕርፍ መጨበጥ «ወንድ ነኝ፣ የእናንተው ነኝ» ማለት ነው። ቡናውም ዕርፉም ያው ነው። የጎዛምን ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እናትህ «ወንዳታ» ሲባሉ መሬታቸውን ማን ያርስ ነበር?

የጎዛምን ልጅ፦
አጎቴ። በእኩል።

የአራሽ ልጅ ከማቻከል፦
እንግዲህ ስሙን ለእሳቸው ሰጧቸው፣ ግማሹን እህል ግን አጎትህ ወሰደ።

የጎዛምን ልጅ፦
ስለ አጎቴ አፍህን ሰብስብ። ያ ሰው ባይኖር በረሃብ እንጠፋ ነበር። ስለ ባለሥልጣን ፎቶ ስንነጋገር ቤተሰቤ ውስጥ ምን አስገባህ?

የደጀኑ፦
ተረጋጉ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ድምፅሽ ቀጭን ነው እየተባሉ በአሠልጣኝ ድምፃቸውን አወፈሩ። የሩሲያው ፑቲን በ2009 እ.ኤ.አ. ደረታቸውን ገልጠው ፈረስ ላይ ፎቶ ተነሱ። የያኔዋ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ጨቅላ ልጃቸውን ይዘው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ገቡ፤ ዓለም አጨበጨበ። የእኛዋ ቡና ቢቀዱ ለምን ይወገዛሉ?

መምህርት ከቢቸና፦
አርደርን የሦስት ወር ልጅ እያጠቡ ነበር፤ ሥራው ሲጠራቸው ልጁን ማን ላይ ይጣሉት? የእኛዋ ረከቦት ፊት የተቀመጡት ግን ካሜራው ስለመጣ ነው። ሲኒዎቹን አይተሃል? ጀበናው አዘንብሏል፣ ሲኒዎቹ ግን ባዶ ናቸው፤ ጭስም የለው።

ነጋዴ ከቡሬ፦
ሲኒ ቆጠራ ውስጥ ገባን። እኔ ትልቁን ነገር ላንሳ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፤ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር፣ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የማን ፎቶ ነበር ያልደረሰ? የፕሬዝዳንቱ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ከሥነ ሥርዓት ብዙም እንደማያልፍ ግን ያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ከፎቶ በኋላ መጠየቅ አለመድንም።

የጎዛምን ልጅ፦
የመከላከያ ሚኒስትርነትም ሥነ ሥርዓት ሊባል ነው? ሴት ልጄ ያን ዜና አይታ «እኔም እሆናለሁ» አለች። ፎቶ ዋጋ የለውም አትበለኝ። ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው ፓርላማ ሲገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ፤ ያኔ በየመንደሩ ፎቷቸውን የሚያሳይ ቢኖር ስንት ልጅ ይነቃ ነበር!

ጡረተኛ ከደብረ ማርቆስ፦
ልጆቼ፣ ፎቶ ስላነሳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ጎዛምን ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ ነበር፤ እኔም እዚያ ሠርቻለሁ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍ ነበር። ፎቶ አንሺው ነጭ አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አሥረው፣ ፈተው፣ እንደገና ያሥራሉ። አንዲት እናት «እሱ ተነሥቷል፣ እኔን ምን ያደርግላችኋል?» ብለው አልነሣም አሉ። ለምነን አነሣናቸው። ከዓመታት በኋላ ባልየው ሲፈታቸው ያንን ደብተር ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ። ፎቷቸው ላይ ቡናም የለ፣ ዕርፍም የለ። ፊታቸው ብቻ ነው፤ የመሬቱን ድርሻ ግን አስከብሮላቸዋል።

የደጀኑ፦
ጋሼ፣ ያሉት ልብ የሚነካ ነው፤ ግን ያ የሕግ ሰነድ ነው፣ ይህ የባለሥልጣን ገጽ ነው። አይገናኙም።

ጡረተኛ ከደብረ ማርቆስ፦
እንዴት አይገናኙም? ሰው በፎቶ ሲታይ ምን ግዴታ ይገባል ነው የምለው። የእኒያ እናት ፎቶ ባልን አሥሯል፣ ፍርድ ቤትን አሥሯል። የቡናው ፎቶ ማንን ያሥራል? ማዳበሪያ የጠየቀው ልጅ እንኳ መልስ አላገኘበትም።

ነጋዴ ከቡሬ፦
ማዳበሪያው የሚዘገየው በእሳቸው ጥፋት ብቻ አይደለም። ይህንንም እውነቱን እንናገር።

መምህርት ከቢቸና፦
ጥፋታቸው ነው አላልኩም። «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ መጻፍ ቡና ከማፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

የጎዛምን ልጅ፦
እሺ፣ «ብትሆንም» ይቅር፤ በዚያ ረትተሽኛል። «ወንዳታ»ን ግን አልሰጥም። አሁን ለእናቴ ደውዬ «ወንዳታ ሲሉሽ ደስ ይልሽ ነበር?» አልኳት። «ሌላ ምን ሊሉኝ ኖሯል?» አለችኝ። ይህን እኔ እንደ አዎ እወስደዋለሁ።

መምህርት ከቢቸና፦
እኔ እንደ አዎ አልወስደውም።