በረኪናው ከሸተተ ይሠራል ማለት ነው?

አዲሷ ሚድዋይፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማዋለጃ ክፍል በቅርቡ ነው የተመደብኩት። ዕቃ የምንዘፈዝፍበት ባልዲ አለ። በረኪናው ጠዋት ይበጠበጣል፤ የማታ ተረኞችም በዚያው ይቀጥላሉ። እኔ ስገባ ውኃው ቀልቶ፣ የረጋ ደም ተንሳፍፎበት ነው የማገኘው። ይቀየር ስል «ይሸታል እኮ፣ ገና አለው» ይሉኛል። መቀሶቹም አንዳንዴ እዚያው ያድራሉ፤ መጋጠሚያቸው መዛግ ጀምሯል። ምን ልበላቸው?

ነባር ሲስተር፦
እህቴ፣ ሽታውን ተይው። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ደም ካገኘ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ለጀርሙ ምን ይተርፋል? ብርሃንና ሙቀትም ያደክሙታል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከደፈረሰ ግን ነገን አትጠብቂ፣ ድፊው።

ልኩንም እዪ። ሁላችንም «አንድ ለዘጠኝ»፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ፣ ብለን ነው የሸመደድነው። እሱ የሚሠራው በረኪናው 5 በመቶ ሲሆን ነው፤ 0.5 በመቶ ይወጣዋል። ጠርሙሱ 4 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ለሰባት ነው። ማን ያነበዋል? በጆግ ግልብጥ!

መቀሱ ደግሞ 10 ደቂቃ እንጂ አዳር የለውም። ክሎሪን ብረት ይበላል። የዛገ መጋጠሚያ ውስጥ ደም ከተደበቀ ኦቶክሌቭም (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) አያስጥልም።

ኦቶክሌቭ ቤት፦
እኔ ባልዲው ራሱ ቢቀር ነው የምለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕቃን ከመታጠቡ በፊት ኬሚካል ውስጥ መዘፍዘፍን አይመክርም። ደሙ እንዳይደርቅ ማርጠብ፣ ከዚያ በሳሙናና በብሩሽ መፈግፈግ ነው። አደራ፣ መቀሱን ከፍታችሁ ላኩልን። ተዘግቶ ከመጣ እንፋሎቱ መጋጠሚያው ውስጥ አይደርስም፤ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ብናቆየውም ያው ነው።

ነባር ሲስተር፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን የሆስፒታሉ አሠራር ሳይቀየር እሷ ብቻዋን ባልዲ ማንሳት አትችልም። ለጊዜው ፕላስተር ላይ የተበጠበጠበትን ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ባልዲው ላይ ለጥፊ። ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

አዲሷ ሚድዋይፍ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። አንድ ልጨምር፦ ጽዳቶቹ በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ቀላቅለው ነው ወለል የሚወለውሉት። ዓይናችን ያቃጥለናል፣ ያስለናል። ጥሩ ያጸዳል ይላሉ።

ኦቶክሌቭ ቤት፦
ኧረ ዛሬውኑ አስቁሚ! የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። ከባልዲው በፊት ይሄንን ለኃላፊዋ ንገሪ። ድጋሚ ከሸተታችሁ እናቶቹንና ሕፃናቱን ይዛችሁ ውጡ፣ መስኮቱም ይከፈት።